ሰባት ቀን የሚሉ ስምንት ካርቶኖች

ልጄ እጄ ላይ የምትሞት መስሎኝ ሚኒባሱን ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና ያበረርኩበትን ቀን ሳስብ ዛሬም መዳፌን ያልበኛል። ሹፌር ነኝ፤ ላብ የያዘው መዳፍ ደግሞ ለሹፌር ጥሩ ነገር አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አላስበውም። አሁን የምጽፈው ባለቤቴ "ጻፈውና ይውጣልህ" ስላለችኝ ነው። እሷ የምትለውን አለመስማቴ ምን እንዳመጣብን አይቻለሁና ዘንድሮ የምትለኝን እሰማለሁ።

ነገሩ በቀይ ሽፍታ ጀመረ። ልጃችን አራት ወሯ ነበር፣ የመጀመሪያችን ናት። ዳይፐሩ የሚነካት ቦታ ሁሉ ቀላ፤ በሁለተኛው ቀን ዳርዳሩን መግል የያዙ ትንንሽ ነጠብጣቦች ወጡባት። ስናጥባት ትጮኻለች። የሕፃን ለቅሶ ዓይነት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። የርሃቡ ለቅሶ ያናድዳል፣ የሕመሙ ግን አንጀት ይበላል።

ክሊኒክ ወሰድናትና የሚቀባ መድኃኒት ጻፉልን። ወረቀቱን ይዤ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ወዳለች መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የምትሸጠው ሻሽ ያሰረች ወጣት ናት፣ ቀልድ የማታውቅ። "ወንድሜ፣ ይሄ ቅይጥ ነው" አለችኝ ካርቶኑን እያገላበጠች። "የፈንገስም የባክቴሪያም መድኃኒት አለበት። ቀዩንና ማሳከኩን የሚያበርድ ስቴሮይድም አለበት። ለሕፃን ስለሆነ ለዘብ ያለውን ነው ያዘዙላችሁ። በጣም ስስ አድርጋችሁ ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን ብቻ። ከላይ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሸፍኑት።" ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ "7 ቀን" ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

በሦስተኛው ቀን ቀዩ ድራሹ ጠፋ። ከዳነች ምን ያደርግላታል ብለን ተውነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽፍታው ተመልሶ መጣ፣ ያውም ብሶበት፤ አሁን እስከ ጭኗ ወርዷል። ባዶውን ካርቶን ይዤ ወደዚያችው መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

"ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለዚያችው ለልጄ። በፊትም የወሰድኩት ካንቺው ነው።"

"አሁንማ ሐኪም ይያት። ለሕፃን ዝም ብዬ ደግሜ አልሰጥህም። ሳትጨርሱ አቋርጣችሁት ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ይሄ ስቴሮይድ ያለበት ነገር ቀዩን ከላይ ያጠፋና ከሥር ያለውን ሊደብቀው ይችላል።"

እኔ ሰው እምቢ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አባቴም እንደዚሁ ነበር። "በአገሩ ያለው መድኃኒት ቤት ያንቺ ብቻ መሰለሽ?" ብያት ወጣሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ "በቃ ነገ ክሊኒክ እንውሰዳት" አለች። እኔ ደግሞ በማግስቱ የሾኔ ጉዞ ነበረኝ። "ወረፋ ላይ ስትውይ ልጅቷ ትቃጠላለች፤ ለእኔ ተዪው" አልኳት። እንደዚያ ስል ጎበዝ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሾኔ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ካርቶኑን አሳየሁ። ሰውዬው "ለማን ነው?" አለኝ። የሆሳዕናዋ ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር ለሕፃን ከተባለ እንደማይሰጥ ነው። "ለራሴ ነው። እግሬን፣ ጣቶቼ መሃል ያሳክከኛል" አልኩት። "ከዚህ በፊት ተጠቅመህበታል?" ሲለኝ "አይ፣ የመጀመሪያዬ ነው" አልኩ። ሰውዬው ደግ ሰው ነበር፣ የመንገደኛ ሰው እግር ጫማ ውስጥ እንደሚበሰብስ ያውቃል። "እንግዲያው ለትልቅ ሰው እግር ይሄኛው ይሻልሃል፣ ከዚህ ከያዝከው በጣም ኃይለኛ ነው" ብሎ ሌላ አወጣልኝ። እሱም ካርቶኑ ላይ "7 ቀን" ብሎ ጻፈ። ኃይለኛ ነው ሲለኝ ደስ አለኝ።

እውነትም ኃይለኛ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ሳቀች። ሲያልቅ ግን ሽፍታው ይመለሳል፤ እኔም በሄድኩበት ከተማ እገዛለሁ። ዱራሜ ገዛሁ፣ አንጋጫ ገዛሁ፣ ሞርሲቶ ሰው ባደረስኩበት ቀን ገዛሁ። ሁሉም ጠየቁኝ። ሁሉም ጋ ለራሴ ነበር፤ ሁሉም ጋ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ከተማ የሚኖር ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም፣ በሦስተኛው ላይ ይነቃበታል። እኔ ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆንኩ የአንዱን የሚያውቅ ሌላ አልነበረም። ባዶ ካርቶኖቹን ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ለሚቀጥለው ማሳያ እንዲሆኑኝ።

በዚህ መሃል እናቴ ከጃጁራ መጣች፣ የልጅ ልጇን ልታይ። ስንቀባት ቆማ አየችና ራሷን ነቀነቀች። "ቅባቱን የሚጠጣው ይሄ የሱቅ ጨርቃችሁ ነው" አለች በሀዲይኛ። ዳይፐሩን ማለቷ ነው። እኔን ጨምሮ ሰባት ልጅ ያሳደገችው ኮባ ላይ አስተኝታ ነው። ከጓሮ ለጋ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ፣ እሳት ላይ እያገላበጠች እስኪለሰልስ አሞቀችው፤ ቅባቱን ወፈር አድርጋ ቀባቻትና በቅጠሉ ሸፈነቻት፣ በላዩ ዳይፐሩን አሰረች። ባለቤቴ "አትሸፍኑት ተብለን የለ?" አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ ደግሞ "የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ያለችው ላስቲክ ይሆናል፣ ኮባ ምን ያደርጋል" አልኳት። ልጅቷ ያን ቀን አንዴም ሳታለቅስ ዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ተረቱ፤ እኛ በቅጠሉ አቃጠልናት።

ከዚያ ወዲያ ቅባቱና ቅጠሉ የዘወትር ሆኑ። ሽፍታ ቢኖርም ባይኖርም እንቀባለን፣ እንዳይመለስ ብለን። ልጅቷም ወፈረች። ጉንጮቿ ወረዱ፣ አገጯ ሁለት ሆነ፣ ፊቷ ክብ ሆነ። ሰው ሲያያት "ማሻአላህ" ሳይል አያልፍም። መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ፎቶዋን ለሹፌሮች አሳያለሁ። "ምንድነው የምታበሏት?" ይሉኛል፤ እኔም እኮራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሦስት ወር ኮርቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ግን ልብሷን እያነሳች መለካት ጀመረች። አንድ ቀን የልጅቷን ልብስ ይዛ መጣች። "ሸሚዙ አንገቷ ላይ አልዘጋ ብሏል። ሱሪው ግን ከሁለት ወር በፊት የገዛነው ነው፣ እስካሁን ይረዝማታል" አለች። "እና?" አልኳት። "እናማ ፊቷ ብቻ ነው የሚያድገው። እጅና እግሯ አላደገም" አለች። ተቆጣሁ። ልጅ ወፈረ ብሎ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም አልኳት። ስቆጣ ድምፄ ከፍ ማለቱን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ከፍ ያለው ግን ከንዴት ይልቅ በፍርሃት ነው።

ሳምንት አልቆየም፣ ስታጥባት ጠራችኝ። ጭኗ ሥር ያለው ቆዳ ስስ ሆኗል፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል፤ ፎጣው ሲነካው ተልጦ ደማ። ብሽሽቷ ላይ ቀያይ መስመሮች ተጋድመዋል፣ ሰው በጥፍሩ የቧጠጣት ይመስላሉ። የሾኔው ሰውዬ "በጣም ኃይለኛ ነው" ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ቤት ውስጥ የነበረውን ቅባት ሁሉ ለቅሜ ሽንት ቤት ጣልኩት። "ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንዳትነካት" ብዬ ፎከርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ባለቤቴ "ሐኪም ይያት" ስትለኝ "ቆይ፣ ቆዳዋ ይመለስ" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ሐኪሙ "ማን አዘዘላችሁ?" ቢለኝ የምለው አልነበረኝም።

ቅባቱን ከተውን በአምስተኛው ቀን የጃጁራ ገበያ ነበር፤ ባለቤቴንና ልጄን እናቴ ቤት አደረስኳቸውና ሰው ሳመላልስ አረፈድኩ። ልጅቷን ከዋዜማው ጀምሮ ጉንፋን ይዟታል፤ የሁሉም ልጅ ጉንፋን ነው፣ አፍንጫዋ ይፈሳል። ስመለስ ግቢው ፀጥ ብሏል። ባለቤቴ ልጅቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሦስቴ አስመልሷታል፣ ጡት አልይዝ ብላለች። ተቀበልኳት። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ዓይኗ ግማሹ ተከፍቷል ግን አያየኝም፣ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አልቧታል። ስሟን ጠራሁ። ጆሮዋ ሥር አጨበጨብኩ። ያቺ ለትንኝ የምትደነግጥ ልጅ ዝም አለችኝ።

እናቴ "ዓይን ነው" አለች። "ትናንት አንዲት ሴት ጉንጯን ይዛ አመስግናታለች፣ ማሻአላህ እንኳ አላለችም።" አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ቡዳ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ቡዳ ከሆነ እኔ አይደለሁማ።

ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ሺህ ጊዜ ነድቼዋለሁ፣ ጉድጓዱን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን አዲስ አገር ሆነብኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛታለች፤ እናቴ ከኋላ ዱዓ ታደርጋለች። ገበያተኛ፣ በሬ፣ አህያ፣ ባጃጅ መንገዱን ሞልቶታል፤ ጥሩንባውን ይዤ ነዳሁ። በየደቂቃው "ትተነፍሳለች?" እላለሁ። "ትተነፍሳለች" ትለኛለች። አንዴ ጠየቅኳትና ሳትመልስልኝ ቆየች። ያን ያህል ጊዜ ዝም ያለችው ጆሮዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትሰማ ነው። "ትተነፍሳለች፣ ንዳ" አለች። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ፈራሁና ነዳሁ።

ሆስፒታል እንደደረስን ከእጃችን ነጥቀው አስገቧት። ስኳሯ በጣም ወርዷል አሉ፣ የደም ግፊቷም ወርዷል፤ ደም ሥር እየፈለጉ መርፌ ይወጓታል፣ እሷ ግን አታለቅስም። ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። "ምን መድኃኒት ትወስዳለች?" አሉኝ።

"ምንም፣ ዶክተር።"

"ሽሮፕ? መርፌ? የባህል መድኃኒት?"

"ምንም።"

ውሸት መናገሬ ነበር? ግማሹ አዎ። ግማሹ ግን እውነቴን ነው። እኛ ጋ መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ወይ የሚወጋ ነው። ቅባት ቅባት ነው፣ ከቫዝሊን ጋር የሚመደብ። ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ልብ ያደክማል ብሎ ማን ያስባል? ሐኪሙ ጉንጯን ዳሰሱ፣ ዳይፐሯን ገለጥ አድርገው መስመሮቹን አዩ፣ መነጽራቸውን አወረዱ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ቀስ ብለው፣ "አባት፣ ልጅህን ማዳን እፈልጋለሁ። የምትቀቧት ነገር አለ?" አሉኝ።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና "ንገራቸው እንጂ" አለች። ጮክ አላለችም። በትዳራችን እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም።

ሮጬ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩና ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። ካርቶኖቹን በጋቢዬ ቋጥሬ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ ስምንት ናቸው። ያኔ ነው ቆጥሬ ያወቅኳቸው። ስምንቱም ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል፣ ስምንት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰማያዊም ጥቁርም ቀይም። ሁሉም "7 ቀን" ይላሉ። አንዱ "ፊት አይነካ" ብሎበታል፣ አንዱ "አይሸፈን" ብሎበታል።

"እነዚህ ሰባቱ ለትልቅ ሰው ናቸው" አሉ ሐኪሙ። "ለማን ነው ብለህ ገዛሃቸው?"

"ለእግሬ" አልኩ።

አንድ በአንድ አነበቧቸው። "ለእግርህ ከሆነ ሁሉም በትክክል ጽፈውልሃል" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደቡኝም፤ ነርሷን ጠርተው ወዲያው ሌላ መርፌ አዘዙላትና ሲረጋጉ አስረዱን። ስቴሮይድ የሚባለውን ነገር ሰውነታችን ራሱ በልኩ ይሠራዋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ያ ኃይለኛ ቅባት በየቀኑ፣ ያውም ተሸፍኖ፣ ወደ ደሟ ሲገባ ከረመ። ፊቷን ያሳበጠው፣ ቁመቷን የያዘው እሱ ነው። የእሷ ሰውነት ደግሞ ከውጭ ሲመጣለት የራሱን መሥራት ተወ፣ ቀጣሪው ሌላ ሰው እንዳመጣበት ሠራተኛ። ከዚያ እኛ በአንድ ቀን ቆረጥንባት። ጉንፋኑ ሲመጣ የምትቋቋምበት ነገር ባዶ ነበር። "መቀባታችሁ አንድ ጥፋት ነው፣ ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት ማቆማችሁ ሁለተኛ" አሉ። "ፈንገሱም እስካሁን አለ። ቀዩ ተሸፈነ እንጂ አልዳነችም።"

እናቴ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። እጄን ይዛ "ምን አለ?" አለችኝ። ሐኪሙ ስለ ቅጠሉ፣ መሸፈኑ የመድኃኒቱን መግባት እንዳበረታው፣ ደጋግመው ነግረውናል። "መድኃኒቱ በዝቶባታል ነው የሚሉት፣ እማ" አልኳት። "ኮባው ምን አደረጋት?" አለች። "ኮባው ምንም" አልኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እንዳትነግራት ባለቤቴንም አስምያታለሁ። ከዚያ ሁሉ ውሸቴ ያልተጸጸትኩበት ይሄ ብቻ ነው።

እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆየን። ሰው ቁጭ በል ይለኛል፣ እኔ ግን ከጫፍ ጫፍ እመላለሳለሁ። ከተቀመጥኩ የሚጠሩኝ መሰለኝ፤ ሲጠሩኝ ደግሞ የሚነግሩኝን ነገር ፈራሁ። አላህን ለመንኩ፣ ካተረፍክልኝ ብዬ ልሳል ስልም የምሳለው ነገር ጠፋኝ። ሆሳዕና ላይ ያቺ የመድኃኒት ቤት ሴት እምቢ ያለችኝን ቀን ብቻ መልስልኝ አልኩ።

ከዚያ ከውስጥ ለቅሶ ሰማን። መጀመሪያ ደከም ያለ ነበር፣ ቀጥሎ ጠነከረ። ባለቤቴ ብድግ አለች። "የርሃብ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያ የሚያናድደው ለቅሶ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እኔም አለቀስኩ።

መዳኑ ግን በዚያው ቀን አልሆነም። ያንኑ ስቴሮይድ፣ አሁን በልኩ ተመዝኖ፣ በአፏ እየሰጠን ለወራት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየቀነሱላት መጡ። ለፈንገሱ ስቴሮይድ የሌለበት ቅባት ሰጡን፤ ስስ አድርገን፣ ሳንሸፍን፣ እስከተባለልን ቀን ድረስ ቀባናት። ትኩሳት በያዛት ቁጥር ውላ ሳታድር እንድናመጣት ነገሩን፤ እስከ ዛሬ ግንባሯን በቀን አሥር ጊዜ ሳልነካ አልውልም። ጉንጮቿ ሲጎድሉ ሰው "ምን ነካት፣ ከሳች እኮ" ይለኛል። አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ያበድኩ ይመስላቸዋል። ሐኪም መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ሲለን ደግሞ ፀጉሯን የምንቀባውን ቅቤ ሳይቀር እንናገራለን።

ሱሪው በልኳ በሆነ ሰሞን ልጄን ታቅፌ ወደዚያች መድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ ሻሽ ያሰረችውን ይቅርታ ልጠይቅ። መስኮቱ ጋ አንድ ሰው ቀድሞኛል። ቀበቶው ላይ የመኪና ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ባዶ ካርቶን በመስታወቱ ላይ እያሳያት ነው፤ ካርቶኑን ከሩቅ አወቅኩት።

"ለማን ነው?" አለችው።

"ለራሴ ነው። እግሬን ያሳክከኛል።"

"ከዚህ በፊት ተጠቅመህበታል?"

"አይ፣ የመጀመሪያዬ ነው።"

በግራ ብብቱ ሥር የዳይፐር እሽግ ይዟል።

"እህቴ፣ ቆይ አትስጪው" አልኩ። ሰውዬው ዞረ። "አንተን ምን አገባህ?" አለኝ፤ ደሙ ሲፈላ አየሁት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ስቀምረው የመጣሁትን ይቅርታ ትቼ፣ ልጄን ከፍ አድርጌ ታቅፌ ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። "ልጅህ ስንት ወሩ ነው?" አልኩት። እሽጉን ወደ ኋላው ሸሸገ፤ ልጄን አየ፣ እኔን አየ።

"አምስት" አለ በመጨረሻ።

"ወፍሯል?"

ፊቱ በራ። "በጣም፣ ማሻአላህ" አለኝ፣ ፎቶውን ሊያሳየኝ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ።